«ዳታቤዙ ጠፋ» የተባለበት ሳምንት፦ ከቸርችል ጎዳና ሦስተኛ ፎቅ

ሰኞ ጥቅምት 17 ቀን 2018፣ ጠዋት 2፡40

ስልኬ ሲጮህ ለገሀር ከታክሲ እየወረድኩ ነበር። ዋናዋ ሒሳብ ሹም ናቸው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ «አንተ ልጅ፣ ፒችትሪው ሞቷል» አሉኝ። ፒችትሪ ቢሮው ሒሳቡን የሚይዝበት ሶፍትዌር ነው።

«እትዬ፣ ምን ይላል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ በእንግሊዝኛ ነው። ዳታቤዝ ጠፋ ይላል።»

ቢሮው በፖስታ ቤቱና በጥቁር አንበሳ መካከል፣ የቆየ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መለዋወጫ አስመጪ ናቸው፤ ኮምፒዩተሮቻቸውን የማያቸው እኔ ነኝ። ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። እየወጣሁም ቀን ቆጠርኩ። ድርጅቱ ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነው። የዓመቱ ሒሳብ ጥቅምት 30 ሳያልፍ ገቢዎች መድረስ አለበት። የመስከረም ቫትም የሚያበቃው በዚያው ቀን ነው። ዘንድሮ ጥቅምት 30 ደግሞ እሑድ ላይ ይውላል። ስለዚህ ለጥንቃቄ የእኛ ቀን ዓርብ ነው በሉት።

ይህን ማስታወሻ የምይዘው ለራሴ ነው። ባለፈው ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ እንዴት እንደፈታሁት ጭራሽ ማስታወስ አቅቶኝ ነበር።

ጠዋት 3፡10

መልእክቱን ራሴ አነበብኩት። «ጠፋ» አይልም። ፒችትሪ በዚህ ስም ባለው ኮምፒዩተር ላይ ካለው ዳታቤዙ፣ ከፐርቬሲቭ፣ ጋር መገናኘት አልቻለም ነው የሚለው። ፋየርዎል (ከኔትወርክ የሚመጣውን የሚያጣራ የኮምፒዩተር ዘበኛ) ካለም እሱን እይ ይላል። በመጥፋትና ባለመገናኘት መካከል ያለው ልዩነት ሰማይና ምድር ነው። ግን ጋሼ (ባለቤቱ) ወሬው ደርሷቸው ቀድመውኝ መጥተዋል። «የጠፋ ዳታ የሚመልሱ ልጆች አሉ አሉ፤ ስንት ነው የሚያስከፍሉት?» እያሉ ነው።

የቢሮው አሠራር እንዲህ ነው። ሒሳብ ክፍሉ ጥግ ላይ «ሰርቨር» የምንለው ኮምፒዩተር አለ። እንዲያው ስሙ ነው እንጂ ተራ ዴስክቶፕ ነው። የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ነው፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ በዚሁ ወር ጥቅምት 4 አቁሟል። ይህ ሌላ ራስ ምታት ነው፣ ለኅዳር ይቆየን። ዳታው ያለው እሱ ላይ ነው። ሌሎች አራት ኮምፒዩተሮች በኔትወርክ ይገቡበታል፦ የሒሳብ ሹሟ፣ የረዳታቸው፣ ምድር ቤት ያለችው የካሸሯና ከጀርባ ያለው የስቶር ኪፐሩ። ሶፍትዌሩ የቆየ ፒችትሪ ነው። አምራቹ ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ከቀየረው ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አዲስ አበባ ግን ሰሚ የላትም። የሥራ ማስታወቂያውም «ፒችትሪ የሚችል» ነው የሚለው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ምንም ነገር ከመንካቴ በፊት የዳታውን ፎልደር እንዳለ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ነው። 11 ደቂቃ ወሰደ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ይተነፍሳሉ።

ከዚያ ሰርቨሩ ላይ ራሱ ፒችትሪን ከፈትኩት። ከች አለ። ድርጅቱ፣ ደንበኞቹ፣ የዓርብ ሽያጭ፣ ሁሉም አለ። እትዬን ጠርቼ አሳየኋቸው። «ተመስገን» ብለው ተቀመጡ። ጋሼም ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። ዳታው ደህና ነው፤ የተበላሸው መንገዱ ነው ማለት ነው። ግማሹ ጥያቄ በአንድ ክሊክ ተመለሰ።

ጠዋት 4፡30

ከሒሳብ ሹሟ ኮምፒዩተር ሰርቨሩን ፒንግ አደረግኩት፤ በኔትወርኩ «አለህ ወይ?» ብሎ መጣራት ነው። መልስ የለም። ካሸሯ ግን ቴሌግራም ላይ ናት። ኔትወርኩ አለ ማለት ነው።

«ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኩ። ማንም አልነበረም አሉ። ዘበኛው ግን በር ላይ ሰምቶ፣ «የኢንተርኔት ልጆች መጥተው ነበር እኮ ጋሽዬ፣ ያንን ሳጥን ቀይረው ሄዱ» አለ። ሳጥኑ ራውተሩ ነው። ቀና ብዬ አየሁት፤ እውነትም አዲስ ነው፣ ላስቲኩ እንኳን አልተላጠም። አምስት ሰው ጠይቄ ያጣሁትን ዘበኛው ሰጠኝ።

የቀድሞው ራውተር ለኮምፒዩተሮቹ የኔትወርክ አድራሻ የሚያድለው በ192.168.1 ነበር። አዲሱ የሚያድለው በ192.168.100 ነው። አራቱ ኮምፒዩተሮች ከራውተሩ የተሰጣቸውን ተቀብለው አዲሱ ሰፈር ገብተዋል። ሰርቨሩ ግን የድሮው ሰፈር ቀርቷል፤ አሁንም 192.168.1.10 ላይ ነው። ለምን? አድራሻውን አንድ ሰው በእጁ ጽፎ ስላሰረው። ያ ሰው እኔ ነኝ፣ ከዓመታት በፊት። ሰርቨሩ ላይ ኢንተርኔት የሚከፍት ስለሌለ መቆረጡን ማንም አላየም።

የራውተሩ ፓስወርድ በእጃችን የለም። ስለዚህ የሰርቨሩን አድራሻ ወደ 192.168.100.250 ቀየርኩት። ቁጥሩ በሌላ አለመያዙን አስቀድሜ ፒንግ አድርጌ አይቻለሁ። ፕሪንተሩም በእጅ የታሰረ ስለነበር እግረ መንገዴን እሱንም አስተካከልኩ።

ሰርቨሩ አሁን ራውተሩን ያገኘዋል። ሌሎቹ ግን አሁንም ሰርቨሩን አያገኙትም።

ጠዋት 5፡20

እዚህ ላይ 40 ደቂቃ ፈጀሁ። ኬብል ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ስዊቹን (የኮምፒዩተሮቹ ኬብሎች የሚገናኙበትን ሳጥን) አጥፍቼ አበራሁ። የሚያሳፍረው ነገር መልእክቱ ራሱ ከጠዋት ጀምሮ «ፋየርዎል እይ» እያለኝ ነው።

ራውተር ሲቀየር ዊንዶውስ አዲስ ኔትወርክ የገባ ይመስለዋል። «ይህ ሰፈር ይታመናል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ፊት ደግሞ የሚመልስለት ሰው አልነበረም። መልስ ሲያጣ «ፐብሊክ» ብሎ ይመድበዋል፤ ካፌ ውስጥ ያለ ዋይፋይ ያህል ይጠረጥረዋል ማለት ነው። ከዚያ በሩን ጥርቅም። ወደ «ፕራይቬት» መለስኩት። ወዲያው ፒንጉ መለሰ።

ረዳት ሒሳብ ሠራተኛው «ለምን ፋየርዎሉን ዝም ብለህ አታጠፋውም? የበፊቱ ልጅ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው» አለኝ። የበፊቱ ልጅ ያጠፋውን መልሼ ለማብራት ስንት ቀን እንደለፋሁ አልነገርኩትም። ፐርቬሲቭ የሚጠቀምባቸው በሮች (ፖርቶች) ሁለት ናቸው፦ 3351 እና 1583። የመጀመሪያው ለዋናው የዳታ ንባብና ጽሕፈት ነው። ሁለተኛው ዳታውን በኤስኪውኤል፣ በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ፣ ለሚጠይቅ ነው። ለሁለቱ ብቻ፣ ለቢሮው ኔትወርክ ብቻ ፈቃድ ጻፍኩ። ከዚያ ከሒሳብ ሹሟ ኮምፒዩተር በፓወርሼል (በዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ) 3351ን አንኳኳሁ። «ትሩ» አለ፤ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው።

ፒችትሪ ተከፈተ። እትዬ «እሰይ!» አሉ። የረዳታቸውም ተከፈተ። የስቶር ኪፐሩን ሄጄ ሳየው እሱ ቀድሞ ከፍቶ እየሠራበት ነው። ደስ አለኝ። (ይህቺን ደስታ ያዙልኝ። ሐሙስ እንመለስባታለን።)

ካሸሯ ጋ ግን ያው ነው።

ቀን 7፡00

የካሸሯ ኮምፒዩተር ሰርቨሩን በቁጥር ሲጠሩት ያገኘዋል፣ በስሙ ሲጠሩት ግን የሚሄደው ወደ አሮጌው 192.168.1.10 ነው። እንዲህ ሲሆን አንድ ቦታ ላይ የተጻፈ ነገር አለ። ሲስተም32 ውስጥ፣ ድራይቨርስ፣ ከዚያ ኢቲሲ ፎልደር፣ እዚያ ሆስትስ የሚባል ቅጥያ የሌለው ፋይል ተቀምጧል። በኖትፓድ ከፈትኩት፤ እንደ አስተዳዳሪ ካልተከፈተ አያስቀምጥም። መጨረሻው መስመር ላይ የሰርቨሩ ስምና የድሮ ቁጥሩ አለ። ማን እንደጻፈው አልጠየቅኩም። አጻጻፉ የኔን ይመስላል።

መስመሯን አጠፋኋት። ተከፈተ። ካሸሯ ከታች ማኪያቶ አዘዘችልኝ። «ወንድሜ፣ ሳምንቱን ሙሉ በወረቀት ልጽፍ ነው ብዬ ነበር» አለች።

ማክሰኞ ጥቅምት 18

ጠዋት ሁሉም ይሠራል። 4 ሰዓት ላይ መብራት ብልጭ ብሎ ተመለሰ፣ ሁለት ሰከንድ አይሆንም። እትዬ ደወሉ፣ «ያው ተመልሷል»።

ሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) አለው፤ ግን ባትሪው አልቋል፤ አብጦ ክዳኑን ገፍቶታል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ተነስቷል። ዛሬ ግን ነገሩ ከትናንቱ ይለያል። ሰርቨሩ ላይ ራሱ ፒችትሪ አይከፈትም። የሰርቪሶችን፣ ከጀርባ በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞችን፣ ዝርዝር ከፈትኩ። የፐርቬሲቭ ሰርቪስ «አውቶማቲክ» ተብሎ ተጽፏል፤ ነገር ግን ቆሟል። ኢቨንት ቪወር፣ የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ፣ ምክንያቱን ጽፎት ነበር፦ በተሰጠው ጊዜ አልተነሳም። ዊንዶውስ ለአንድ ሰርቪስ የሚሰጠው 30 ሰከንድ ነው። ይህ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ጠዋት ሲነሳ በ30 ሰከንድ ዓይኑንም አይገልጥ።

በእጄ አስነሳሁት። ከዚያ አጀማመሩን ወደ «ዲሌይድ ስታርት» ቀየርኩ፤ ሌሎቹ ተነስተው ከጨረሱ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንዲነሳ ነው። ካልተነሳም ደግሞ እንዲሞክር አዘዝኩት። ሰርቨሩን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አስነሳሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሱ ተነሳ።

ባትሪው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ነው። ለቅዳሜ መርካቶ ያዝኩት።

ረቡዕ ጥቅምት 19

የጾም ቀን ነው። ከሒሳብ ክፍሉ ልጆች ጋር በያይነቱ ልንበላ ወጣን። ካሸሯም መጣች። ገና እጃችንን ስንታጠብ እትዬ ደወሉ። እሳቸው ቢሮ ነው የሚበሉት። «እናንተ ስትወጡ ነው የሚጠፋው እንዴ?» አሉ።

ቀልድ ነበር የመሰለኝ። ተመልሼ ሳይ ሰርቪሱ ቆሞ አይደለም፣ ፒንጉም አለ፣ በሩም ክፍት ነው። ፒችትሪ ግን አልከፍትም ይላል። ካሸሯ ተመልሳ ኮምፒዩተሯን ስታበራ ደግሞ ሁሉም ቦታ ተከፈተ! ስታጠፋው ተዘጋ። ሦስት ጊዜ አሠራኋት። ሳቀች። «እኔ ነኝ እንግዲህ ሰርቨሩ፣ ደሞዝ ይጨመርልኝ።»

ቀልዷ እውነት ነበር። የዚህ የቆየ ፐርቬሲቭ ባሕርይ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ የራሱ ሞተር አለ። ዳታው ፎልደር ውስጥ ደግሞ «የዚህ ፎልደር አለቃ የእገሌ ሞተር ነው» የሚል ትንሽ ፋይል ይቀመጣል። ስሙ በቲልዳ ምልክት ይጀምርና ፒ.ቪ.ኤስ.ደብሊው ይላል፤ መጨረሻው ሎክ ነው። ሌሎቹ ሁሉ አለቃውን የሚያውቁት ከዚያ አንብበው ነው። ማክሰኞ የሰርቨሩ ሞተር ተኝቶ ሳለ የካሸሯ ሞተር በሼር ፎልደሩ ገብቶ አለቅነቱን ይዟል። በሬ ወለደ አይደለም፤ ፋይሉን ስከፍተው የኮምፒዩተሯ ስም ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ሁሉንም «ከፒችትሪ ውጡ» አልኩ። ሰርቪሱን አቆምኩ። ፋይሉን አላጠፋሁትም፤ ስሙን ቀየርኩት፣ ለጥንቃቄ። ሰርቪሱን አስነሳሁና ፒችትሪን መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ከፈትኩ። ይህ ቅደም ተከተል ዋና ነገር ነው። አዲስ ፋይል ራሱ ፈጠረ፤ የሰርቨሩን ስም ይዞ።

ካሸሯን ኮምፒዩተርሽን አጥፊና ወደ ምሳሽ ሂጂ አልኳት። ሽሮው ቀዝቅዞ ጠበቀን።

ሐሙስ ጥቅምት 20

ዛሬ ምንም የስሕተት መልእክት የለም። የሳምንቱ ክፉ ቀን ግን ዛሬ ነው።

እትዬ የዕቃ ሚዛን አወጡ። «ስቶር ከሰኞ ጀምሮ አንድ ዕቃ አልመዘገበም» አሉ። ስቶር ኪፐሩ ተጠራ። ዝምተኛ ሰው ነው። «እትዬ፣ ሁሉንም መዝግቤአለሁ» አለ። «የታለ?» «አለ።» ቃላቸው ጠንከር እያለ ሄደ። እሱ ወደ ኮምፒዩተሩ ወሰደን፤ እውነትም አለ። 38 የዕቃ መረከቢያና ማውጫ፣ ከነቁጥሩ። እትዬ ወደ ላይ ወሰዱን፤ እውነትም የለም።

ፒችትሪው ላይ ሜይንቴይን የሚለው ሜኑ ገብቼ ካምፓኒ ኢንፎርሜሽን ከፈትኩ። «ዳይሬክተሪ» የሚል መስመር አለ፤ ድርጅቱ የተከፈተው ከየት እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። የሌሎቹ ወደ ሰርቨሩ ያመለክታል። የስቶር ኪፐሩ «ሲ ድራይቭ» ይላል፤ የራሱ ኮምፒዩተር።

ሰኞ «ቀድሞ ከፍቶ እየሠራ ነው» ብዬ ደስ ያለኝ ይሄ ነው።

ረዳት ሒሳብ ሠራተኛው ፊቱ ተለዋወጠ። ሰኞ ጠዋት፣ እኔ ሳልመጣ፣ ሥራ እንዳይቆም ብሎ የዓርብን ባካፕ ከፍላሽ አምጥቶ እዚያ ኮምፒዩተር ላይ ሪስቶር አድርጎለት ነበር። ለበጎ ነው ያደረገው። ከዚያ በግርግሩ ረሳው። ስቶር ኪፐሩም ስክሪኑ ላይ የድርጅቱን ስም አየ፣ የዓርብ ቁጥሮቹን አየ፤ ምን ሊጠረጥር? አራት ቀን ሙሉ ማንም የማያየው ደብተር ላይ ሲጽፍ ከረመ። ቀይ መልእክት ቢያወጣበት ኖሮ 38 ወረቀት አይባክንም ነበር።

ኤክስፖርት አድርጎ ማስገባትም ይቻላል። አሰብኩበትና ተውኩት። በዚያው ቀን ሒሳብ ክፍሉ በሰርቨሩ በኩል ሽያጭ መዝግቧል፤ ቁጥር ቢደገም ለጥቅምት 30 ሁለተኛ ችግር ልወልድ ነው። 38 ወረቀት በእጅ ይሻላል። ረዳቱ «እኔ ነኝ የማስገባው» አለ። ስቶር ኪፐሩ አጠገቡ ተቀምጦ እያነበበለት፣ እስከ ማታ 2 ሰዓት ቆዩ። ወረቀቶቹ «17/2/18» ነው የሚሉት፤ ፒችትሪ የሚፈልገው ደግሞ ኦክቶበር 27 ነው። ስቶር ኪፐሩ ቀኑን ያለ ካላንደር፣ በቃሉ እየቀየረ ነው የሚነግረው። እኔ በስልኬ እያረጋገጥኩ ነበር፤ አንዱንም አልሳተ። ስለ ቀን ካነሳን፣ ፒችትሪ በዓመት የሚቀበለው የሒሳብ ወቅት ቢበዛ 13 ነው። ለእኛ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። እዚህ ቢሮ ግን ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ነው የጨፈለቋት።

ሲጨርሱ እትዬ ሚዛኑን ደግመው አወጡ። ገጠመ። ለስቶር ኪፐሩ «ይቅርታ የኔ ወንድም፣ ተናግሬህ ነበር» አሉት። እሱም «ምንም አይደል» ብሎ ጃኬቱን አነሳ።

የሲ ድራይቩን ፎልደር ስሙን «አይከፈትም» ብዬ ቀየርኩ። ፒችትሪውም ወደ ሰርቨሩ እንዲሄድ አደረግኩ። ከዚያ አራቱንም ኮምፒዩተሮች እየዞርኩ «ዳይሬክተሪ» የሚለውን መስመር በዓይኔ አየሁ።

ቅዳሜ ጥቅምት 22

ባትሪው ከመርካቶ ተገዛ፣ ገባ። ስዊቹን ከግድግዳው ሶኬት ነቅዬ ዩፒኤሱ ላይ ሰካሁት። እስከዛሬ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ሰርቨሩ ባይጠፋ እንኳን ስዊቹ ይጠፋ ነበር፤ ሁሉም ከመሃል ሥራ ይወረወራል። ዓመታት አልፎብኝ ሳላየው። ዋናውን ማብሪያ ራሴ አጥፍቼ ሞከርኩት። እትዬ መዝግበው ሳይጨርሱ የነበረውን አንድ ቫውቸር በጨለማ ጨረሱ።

ባካፑን ሌላ ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ አየሁ። የፒችትሪ ባካፕ ፋይል በውስጡ ዚፕ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ መሆኑን ለማየት ፒችትሪ ሳይኖርም ሊከፈት ይችላል። አለ፣ ሙሉ ነው። አንድ ፍላሽ ጋሼ ቤት ይሂድ ብለናል። ጋሼ ከቁልፋቸው ጋር አሰሩት።

ራውተሩ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ «ይህ ሳጥን ከመቀየሩ በፊት ሒሳብ ክፍል ይጠየቅ»። ለዘበኛውም ነገርኩት። «እሺ ጋሽዬ፣ ማንም አይነካትም» አለ። ከወረቀቱ ይልቅ የማምነው እሱን ነው።

ሰኞ ጥቅምት 24

ፒችትሪ ሳምንቱን ጀመረ። ዝም ብሏል። እትዬ ከኦዲተሩ ጋር ናቸው። የመስከረም ቫት ተሞልቷል፣ መላክ ብቻ ቀርቶታል።

8 ሰዓት ላይ አንድ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የኢንተርኔቱ ቴክኒሽያን ነው፣ ትሑት ልጅ። ባለፈው ያስገቡት ራውተር ጊዜያዊ ነው። ዋናው አሁን መጥቷል። «ቅዳሜ መጥተን እንቀይርላችሁ?»

ስንተኛው ቀን እንደሆነ ጠየቅኩት። «29 ነው መሰለኝ» አለ።

እትዬ ከማዶ ጠረጴዛ ስልኩን ሰምተዋል። ብዕራቸውን አስቀመጡ። በጣታቸው ብቻ፣ ቃል ሳያወጡ፣ «ኅዳር» ብለው አየር ላይ ጻፉልኝ።